ኦርፊየስ ክራር ይዞ ቦንጋ ቢገባ

ስቲቭ ሃኬት የሚባለውን እንግሊዛዊ ጊታሪስት የሚያውቁት በአብዛኛው ጀነሲስ የተባለው የሮክ ባንድ ወዳጆች ናቸው፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1977 በዚያ ባንድ ውስጥ ጊታር ተጫውቷል፡፡ ከዚያ ወጥቶ በራሱ ስም ብዙ አልበሞች አሳተመ፡፡ እኔ ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውን «ሜታሞርፊየስ» የተሰኘ ሥራውን ነው፡፡ በዚህ አልበም ውስጥ የሮክ ድራም የለም፤ ዘፋኝም የለም፡፡ የናይለን አውታር የተወጠረበት ክላሲካል ጊታርና ኦርኬስትራ ናቸው ነገሩን ሁሉ የሚሸከሙት፡፡ አሥራ አምስት ክፍሎች አሉት፡፡ አሥራ አምስቱም ተያይዘው አንድ ጥንታዊ የግሪክ አፈ ታሪክ ይተርካሉ፡፡

«ይህ ከካፋ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ፡፡ ጥያቄዬ አጭር ነው፡፡ አንድ የለንደን ሮከር ከሁለት ሺሕ አምስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ተረት አንስቶ የአንድ ሰዓት ያህል ሙዚቃ ካወጣለት፣ ንጉሥም፣ ጫካም፣ መንፈስም ያለበት የካፋ ታሪክ ስለምን እስከ ዛሬ በአንድ የፍየል እረኛ ወሬ ብቻ ይታወቃል?

በቅድሚያ ተረቱን እናስታውስ፡፡ ኦርፊየስ ላይር የተባለውን ባለአውታር መሣሪያ የሚጫወት ሰው ነው፡፡ ሲጫወት አራዊት ይሰበሰባሉ፤ ዛፎች ወደ እሱ ያዘነብላሉ፡፡ ሚስቱን ዩሪዲስን እባብ ነድፏት ትሞታለች፡፡ እሱም መሣሪያውን ይዞ ወደ ሙታን ዓለም ይወርዳል፡፡ ሙታንን በጀልባ የሚያሻግረውን ካሮንን ያባብላል፤ ባለ ሦስት ራሱን ውሻ ሰርበረስን ያስተኛል፡፡ የሙታን ንጉሥ ልቡ ይራራና ሚስቱን ይመልስለታል፤ ብርሃን ላይ እስኪደርሱ ድረስ ወደ ኋላ ዞሮ እንዳያያት ግን ያስጠነቅቀዋል፡፡ የሎጥን ሚስት ታሪክ የሚያውቅ ሰው ቀሪውን መገመት አያቅተውም፡፡ ዞሮ ያያል፤ ያጣታል፡፡ በመጨረሻም እሱ ራሱ ተገነጣጥሎ ይሞታል፤ ላይሩ ሰማይ ላይ ወጥቶ ከዋክብት ይሆናል፡፡

የሃኬት አልበም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፡፡ የዩሪዲስ መወሰድ፣ የካሮን ጥሪ፣ የኦርፊየስ ወደ ኋላ ማየት፣ የተሰበረው ላይር እያለ ሄዶ በኮከቦቹ ስም በ«ላይራ» ያበቃል፡፡ ቃል የሚባል ነገር ስለሌለው ሰሚው ተረቱን ካላወቀ ደስ የሚል ሙዚቃ ሰምቶ ይነሳል፤ ካወቀ ግን ጊታሩ ሰውየውን ራሱን ሆኖ ይታየዋል፡፡ ኦርኬስትራው ደግሞ በዙሪያው ያለው ዓለም ነው፤ አንዳንዴ የሚያቅፈው፣ አንዳንዴ የሚውጠው፡፡

እዚህ ላይ ለሙዚቃ ባዕድ የሆነ አንባቢ ማወቅ ያለበት አንድ ችግር አለ፡፡ ክላሲካል ጊታር ድምፁ ትንሽ ነው፡፡ ጣት የሚነካው የናይለን አውታር ከሃያ ቫዮሊን ጋር ቢወዳደር አይሰማም፡፡ ስፔናዊው ሮድሪጎ እ.ኤ.አ. በ1939 በጻፈው የአራንኹዌዝ ኮንሰርቶ ችግሩን የፈታው ጊታሩ ሲናገር ኦርኬስትራውን ዝም በማሰኘት ነው፡፡ አንዱ ሲያወራ ሌላው ያዳምጣል፤ እንደ ደህና ሽምግልና ማለት ነው፡፡ የሮክ ሰዎች ግን ከኦርኬስትራ ጋር ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ የመረጡት መጮኽን ነበር፡፡ ዲፕ ፐርፕል እ.ኤ.አ. በ1969 ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር ያቀረበው ኮንሰርቶ ታሪካዊ መሆኑን ባልክድም፣ ለእኔ ሁለት ጎረቤቶች በአጥር ላይ የሚጣሉበት ይመስለኛል፡፡ ሃኬት ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 በሼክስፒር የተረት ተውኔት ላይ የተመሠረተ አልበም ከዚያው ከሮያል ፊልሃርሞኒክ ጋር ሠርቷል፡፡ ለ«ሜታሞርፊየስ» ግን ትልቅና ቋሚ ኦርኬስትራ አልፈለገም፡፡ ለዚሁ ሥራ የተሰባሰቡ ተጫዋቾችን «አንደርወርልድ ኦርኬስትራ» ብሎ ሰየማቸው፤ ስሙ በሙታን ዓለም የተቀለደ ቀልድ መሆኑ ነው፡፡ ወንድሙ ጆን ፍሉት ይነፋል፤ የረጅም ጊዜ ባልደረባው ሮጀር ኪንግም አብሮት አለ፡፡ እኔ ከሁለቱ ይኼኛውን እመርጣለሁ፡፡

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፡፡ ኦርፊየስ የያዘው ላይር ምን ዓይነት መሣሪያ ነው? ሁለት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ አንድ አግዳሚ፣ ከታች የድምፅ ሳጥን፣ በመካከል የተወጠሩ አውታሮች፡፡ ይህንን ለማየት የግሪክ ሙዚየም መሄድ አያሻም፤ ፒያሳ ብቅ ብሎ ክራር ማየት ይበቃል፡፡ ክራርና በገና የላይር ቤተሰብ ናቸው፡፡ «ጊታር» የሚለው ቃል የመጣው ኪታራ ከሚባለው ትልቁ የግሪክ ላይር ነው፤ መሣሪያው ግን አንገትና ፍሬት አውጥቶ ሌላ ነገር ሆኗል፡፡ ስለዚህ ሃኬት የኦርፊየስን ታሪክ ሲተርክ የያዘው የኦርፊየስን መሣሪያ ሳይሆን ስሙን የወረሰውን ዘመድ ነው፡፡ ዋናው መሣሪያ አውሮፓ ውስጥ በሸክላ ሥዕል ላይ ቀርቷል፤ እኛ ዘንድ ካሳ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ተጫውተውበት አልፈዋል፤ ዛሬም በየምሽት ቤቱ ይመታል፡፡

አራዊትን የሚያፈዝ ሙዚቀኛም አላጣንም፡፡ ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጠው በዘንጋቸው የቅዱሱን እግር ወጉት፤ አንዱም ሌላውም ሕመሙንም ደሙንም ሳያውቁት ዜማው ተፈጸመ ይባላል፡፡ ይህን የሚያህል የሙዚቃ ትረካ የት ይገኛል? ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረበት ጊዜ በያሬድ ላይ ኦፔራ መሥራት ጀምሮ ከፊሉን እዚያው አሰምቷል፡፡ ከጃዝ ተነስቶ ወደ ኦፔራ የሄደው ሙላቱ፣ ከሮክ ተነስቶ ወደ ኦርኬስትራ ከሄደው ሃኬት ጋር ወንድማማች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፡፡

ከእሱ በፊት የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ አለ፡፡ «እረኛው ባለዋሽንት» የሚል ትርጉም ያለውን የኦርኬስትራ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1967 ከሃንጋሪ ኦርኬስትራ ጋር ራሱ እየመራ አስቀርጾታል፡፡ ልብ በሉ፤ ሃኬት ከጀነሲስ ጋር ገና አልተገናኘም፤ እኛ ግን የእረኛ ዋሽንትና ኦርኬስትራ የሚነጋገሩበት ሥራ በሸክላ ነበረን፡፡ ያ ጅምር ለምን ትውልድ እንዳላፈራ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፡፡

እረኛና ዋሽንት ካልን ደግሞ ካፋ ደረስን፡፡ የጅማን መንገድ ይዞ ጎጀብን ተሻግሮ ቦንጋ የገባ እንግዳ መጀመሪያ የሚነገረው የካልዲ ወሬ ነው፡፡ ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲጨፍሩ አየ፤ እሱም ቀመሰ፤ ቡና ተገኘ፡፡ በአንዳንዱ አተራረክ ካልዲ ዋሽንት ነፊ ነው፤ ፍየሎቹ ያን ቀን ጥሪውን አልሰማ ያሉት በቡናው ሰክረው ነው፡፡ የኦርፊየስ ግልባጭ ማለት ይኼ ነው፤ አራዊቱ ሙዚቀኛውን እምቢ ያሉበት ተረት፡፡

ችግሩ ተረቱ የካፋ አለመሆኑ ነው፡፡ በጽሑፍ መጀመሪያ የምናገኘው ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1671 ሮም ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ነው፡፡ እዚያም እረኛው የየመን አካባቢ ሰው ነው፤ ካልዲ የሚል ስምም የለውም፡፡ ስሙ የኋላ ጭማሪ ነው፤ ጆሮ ላይ ሲያርፍም ከካፊኖኖ ይልቅ ለዓረብኛው ኻሊድ ይቀርባል፡፡ («ኮፊ» የሚለው ቃል ከካፋ ነው ወይስ ከዓረብኛው ቀሕዋ የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት ትቻለሁ፤ ካፋዎች ራሳቸው የሚሉት «ቡኖ» ነው፡፡) ቡናውማ ከካፋ ጫካ መሆኑን ማንም አይነጥቀንም፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢውን የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ መዝግቦታል፡፡ ለመጠጡም ቢሆን ባህ በ1730ዎቹ ላይፕሲግ ውስጥ የቡና ካንታታ ጽፎለታል፡፡ በካንታታው ውስጥ ቡና አፍቃሪ ልጅና ተቆጪ አባት አሉ፤ ካፋ ግን የለችበትም፡፡ እንግዲህ ለቱሪስት ከውጭ የመጣ ተረት መልሰን እየሸጥን ነው ማለት ነው፡፡

የካፋ የራሱ ታሪክ ከዚህ ይከብዳል፡፡ በጥልቅ ቦዮችና በበሮች የታጠረ መንግሥት ነበር፡፡ ሰባት አባላት ያሉት ሚክሬቾ የሚባል ሸንጎ ከንጉሡ ጋር ይመክር ነበር፡፡ የሰማይ አምላክ ዬሮ አለ፤ በሰው ላይ አድሮ የሚናገር ኤቆ የሚባል መንፈስ አለ፡፡ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ሲመጣ ለወራት በጫካ ውስጥ ተከላክለው በመስከረም ወር ተማረኩ፡፡ ከቦንጋ ብዙም የማይርቀው መናገሻቸው አንድራቻ ተቃጠለ፡፡ ንጉሡ ወደ ሰሜን ተወስደው አገራቸውን ዳግም ሳይገዙ እ.ኤ.አ. በ1919 አረፉ፡፡ ዘውዳቸው ደግሞ የምኒልክ አማካሪ በነበረው በስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ በኩል ዙሪክ ደርሶ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድን ሲጎበኙ ተመልሷል፡፡ ወደ ማይመለሱበት አገር የወረዱ ንጉሥ፣ ሄዶ የተመለሰ ዘውድ፤ ለአቀናባሪ ከዚህ ወዲያ ምን ይሰጠዋል?

ይህን ሳነሳ ፖለቲካ የሚሸተው አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፡፡ ነገር ግን ሃኬት ዩሪዲስን የነደፈውን እባብ ፍርድ ቤት አላቀረበም፡፡ ሙዚቃ ክስ አይመሠርትም፤ ሐዘንን ቅርጽ ይሰጠዋል፡፡ ይልቅ እኔን በሙያዬ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፡፡

በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሐሳብ አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው ሐሳቡ የተገለጸበት መንገድ ነው፡፡ አፈ ታሪክ ደራሲው አይታወቅም፤ ስለዚህ ኦርፊየስን ለመንካት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ እንደማያስፈልግ ሁሉ የካፋን ትረካ ለመንካትም እንደዚያው ነው፡፡ አንድ ሰው ትረካውን ወስዶ ሙዚቃ ቢያደርገው ግን ሙዚቃው በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለሃምሳ ዓመት የእሱና የወራሾቹ ነው፡፡ ድምፅ ቀርጾ ያሳተመም ለቅጂው የራሱ መብት አለው፡፡ በካፊኖኖ የሚተርኩት ሽማግሌ ፊት ማይክሮፎን ይዞ የተቀመጠው ሰው አዲስ አበባም ይኑር ቪየና፣ የመብቱ ወረቀት የሚጻፈው በእሱ ስም ነው፡፡ ቪየና ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፤ ስለ ካፋ ከተጻፉት ሁሉ ሰፊ የሆነውን ባለሁለት ቅጽ መጽሐፍ የጻፈው ኦስትሪያዊው ፍሬድሪሽ ቢበር ነው፤ የታተመውም በጀርመንኛ ነው፡፡ ሽማግሌዎቹ እያሉ ትረካቸውን በቋንቋቸው የሚቀርጽ፣ በስማቸውም ከእነሱ ጋር የሚዋዋል የቦንጋ ልጅ ቢገኝ ሕጉ ለእሱም ያው ሕግ ነው፤ ውሉ ላይ ገቢው ለማን እንደሚሄድ አስቀድሞ መጻፍ ይቻላል፡፡ ለዚህ አዲስ አዋጅ አያሻም፤ ሁለት ገጽ ውል ይበቃል፡፡

«ኦርኬስትራ ከየት ይመጣል?» ለሚለውም ሃኬት መልስ ሰጥቶናል፤ በትንሽ ቡድን ይሠራል፡፡ አንድ ችግር አለ፤ ክራር የሚቃኘው በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰል፣ በአንቺሆዬ ነው፤ የቫዮሊን ተጫዋቾቻችን ደግሞ በሌላ ጆሮ ነው የሰለጠኑት፡፡ አቀናባሪው ክራሩ ሲናገር ሌላውን ዝም ማሰኘት እንዳለበት ከሮድሪጎ ይማር፡፡ የካፋ ዘፈን ከክራሩ ቅኝት ጋር የት እንደሚገጥም፣ የት እንደሚጣላ ለማወቅም ቦንጋ ወርዶ ቁጭ ብሎ መስማት ግድ ይለዋል፡፡

ድፍረት ካልሆነብኝ የእኔ ፍላጎት ይኼ ነው፡፡ አንድ ክራር፣ አንድ ዋሽንት፣ ሰባት የአውታር ተጫዋቾች፡፡ ሰባቱ ሚክሬቾ ይሁኑ፤ ይከራከሩ፤ ይስማሙ፡፡ አንድራቻ ስትቃጠል አንድ በአንድ ዝም ይበሉ፡፡ ጎጀብ ላይ ሲደርስ ክራሩ ብቻውን ይቅር፤ ንጉሡ ዞረው ማየት አለማየታቸውንም እዚያው አቀናባሪው ይወስን፡፡