ለአንጎል ጉዳተኛ ሕፃናት ከመለገስዎ በፊት፦ ተረትና እውነታ

በወሊድ ጊዜ የታፈነ፣ ማጅራት ገትር የያዘው ወይም መኪና የገጨው ሕፃን አንጎሉ ከተጎዳ መዋጥ፣ መናገር፣ አንገቱን ቀና ማድረግ ሊያቅተው ይችላል። እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚንከባከቡ ድርጅቶችን የምንመዝንባቸው የተለመዱ መለኪያዎች ግን ልጁ ምን እንዳገኘ እምብዛም አይነግሩንም።

ተረት 1፦ ለደመወዝ ብዙ የሚያወጣ ድርጅት የሕፃናቱን ገንዘብ እየበላ ነው።

እውነታ፦ በዚህ ሥራ እንክብካቤው ራሱ የባለሙያ ጉልበት ነው። ለፊዚዮቴራፒስቱ፣ ለንግግርና ለመዋጥ ሕክምና ባለሙያዋ፣ ሌሊት ልጁን ለምታገላብጠው ነርስ የተከፈለው ደመወዝ ለልጁ የደረሰ ገንዘብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ጋይድስታር፣ ቻሪቲ ናቪጌተርና ቢቢቢ ዋይዝ ጊቪንግ አሊያንስ የተባሉ የአሜሪካ ተቋማት ለለጋሾች በጻፉት ግልጽ ደብዳቤ፣ የአስተዳደር ወጪ መቶኛ ብቻውን የድርጅትን ብቃት እንደማያሳይ ተናግረዋል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 621/2001 የአስተዳደር ወጪን በ30 በመቶ ሲገድብ፣ በአፈጻጸሙ ብዙ የሥልጠናና የትራንስፖርት ወጪዎች እዚያው ይቆጠሩ ስለነበር ድርጅቶች ተቸግረዋል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ጣሪያውን ወደ 20 በመቶ ቢያወርድም፣ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር የተያያዘውን ወጪ ከአስተዳደር ለይቶታል።

ተረት 2፦ መራመድ የጀመረ ልጅ ቪዲዮ በቂ ማስረጃ ነው።

እውነታ፦ በአደጋ የተጎዳ አንጎል በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱም ያገግማል፤ ልጅም ከዕድሜው ጋር ያድጋል። ስለዚህ ስንት ልጆች እንደጀመሩ፣ ስንቱ እንዳልተሻላቸውና በምን እንደተለኩ ይጠይቁ። ከአንጎል ጉዳት ለሚመጣው ሴሬብራል ፓልሲ ለተባለ የእንቅስቃሴ እክል፣ የልጁን የእንቅስቃሴ አቅም በ5 ደረጃ የሚከፍል ዓለም አቀፍ መመደቢያ አለ። ከሁሉም በከበደው በ5ኛው ደረጃ ላይ ላለ ልጅ ሳይታነቅ መብላት፣ የሕመሙ መቀነስ ወይም በሚስማማው ወንበር ተቀምጦ መማር ትልቅ ውጤት ነው። ይህ ግን በቪዲዮ ብዙም አያስጨበጭብም።

ተረት 3፦ ሐኪሞች የማያውቁት ልዩ ዘዴ ያለው ድርጅት ይበልጣል።

እውነታ፦ በፊላደልፊያ በግሌን ዶማን የተመሠረተው ተቋም ያስፋፋው «ፓተርኒንግ» የተባለ ዘዴ አለ። ብዙ ሰዎች ተሰብስበው የልጁን ጭንቅላት፣ እጅና እግር በተወሰነ ሥርዓት በየቀኑ ደጋግመው ያንቀሳቅሳሉ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1982 እና በ1999 ባወጣቸው መግለጫዎች፣ ዘዴው የተለየ ጥቅም እንዳለው አለመረጋገጡን አስታውቋል፤ በቤተሰብ ገንዘብና ሰላም ላይ ስለሚያሳድረው ጫናም አስጠንቅቋል። አዲስ ዘዴ ሁሉ ሐሰት ነው ማለት ግን አይደለም። ልዩነቱ በገለልተኛ ባለሙያ ለመፈተን ፈቃደኛ በመሆን ላይ ነው።

ተረት 4፦ ሕጋዊ ፈቃድ ካለው አገልግሎቱም ጥሩ ነው።

እውነታ፦ ምዝገባ ሕጋዊነትን እንጂ የእንክብካቤን ጥራት አይመሰክርም። እንግሊዝ ሰሪ ውስጥ ታድዎርዝ የሚገኘውን፣ አንጎላቸው የተጎዳ ሕፃናትን የሚንከባከበውን ዘ ችልድረንስ ትረስትን እንውሰድ። ገቢና ወጪው በበጎ አድራጎት ኮሚሽን መዝገብ ላይ ይገኛል፤ እንክብካቤውን የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን፣ ትምህርቱን ደግሞ ኦፍስቴድ የተባለው የትምህርት ተቆጣጣሪ ይመረምራሉ። ሪፖርቶቹን ማንም ማንበብ ይችላል። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ድርጅቶች ለግብር መሥሪያ ቤት የሚያቀርቡትን ቅጽ 990 ማየት ይችላሉ፤ ቅጹ ግን ስለ ገንዘቡ እንጂ ልጁ እንዴት እንደተያዘ ብዙ አይናገርም።

ተረት 5፦ በሩን ለጎብኚ ሁሉ የከፈተ ድርጅት ግልጽነት አለው።

እውነታ፦ በበዓል ወይም በልደት ቀን ዳቦና ለስላሳ ይዞ ሕፃናትን መጎብኘት የደግነት ልማዳችን ነው። ሆኖም የመዋጥ ችግር ያለበትን ልጅ ያልሠለጠነ ሰው ካጎረሰው ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባና ለሳንባ ምች ሊዳርገው ይችላል። ጎብኚን የሚመዘግብ፣ ማጉረስን የሚከለክልና ያለወላጅ ፈቃድ ፎቶ የማያስነሳ ድርጅት ልጁን እየጠበቀ ነው። ግልጽነቱን በኦዲት ሪፖርቱና ለጥያቄ በሚሰጠው መልስ ይለኩት።

ስለዚህ እጅዎን ከመዘርጋትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ልጆቹን የሚያክማቸው ማን ነው? ለውጣቸውን ማን ይለካል? ወላጆቻቸውስ በቤት እንዲንከባከቧቸው ይሠለጥናሉ? ለእነዚህ በጽሑፍ የሚመልስ ድርጅት ካገኙ ይስጡ፤ ከቻሉም በየወሩ ይስጡ፤ ተሐድሶ ዓመታት ይፈጃልና።