ያውቁ ኖሯል? ንጽሕና ሽታ የለውም

በገሳይ፣ በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ ደጋማ ቀበሌዎች ብርዱ ሲበረታ በርና መስኮት ይዘጋል። የታጠበው ልብስ፣ የተቀባነው ሎሽን፣ የወለሉ ማጽጃና የጨሰው ዕጣን በዚያ በተዘጋ ቤት ውስጥ አንድ አየር ይጋራሉ። ብዙው ሰው መዓዛውን ይወደዋል። "ሽታ አልችልም"፣ "ሳይነስ አለብኝ"፣ "ሽቶ ሲሸተኝ ራሴን ይፈልጠኛል" የሚሉ ግን በየሰፈሩ አሉ። የዛሬው ዓምዳችን ለእነሱና አብረዋቸው ለሚኖሩ ሁሉ ነው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አፍንጫና ቆዳ

1. የሰው አፍንጫ 400 ገደማ ዓይነት የሽታ ተቀባዮች እንዳሉት ያውቁ ኖሯል? የሽታ ተቀባዮችን ዘረ መል ያገኙት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ በክ በ2004 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

2. ሽታን የሚለየው ነርቭ ሌላ፣ ማቃጠልና መቆጥቆጥ የሚሰማው ነርቭ ሌላ ነው። በርበሬ ሲታመስ ዓይናችን የሚያለቅሰው በሁለተኛው ነው። ጠንከር ያለ ሽቶም ይህንኑ ነርቭ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ "ሽታው አቃጠለኝ" የሚል ሰው አላጋነነም፤ የተሰማውን ነው የተናገረው።

3. ሽቶ የተቀባ ሰው ከደቂቃዎች በኋላ የራሱን ሽቶ በደንብ እንደማይሸተው ያውቁ ኖሯል? አፍንጫ የማይለዋወጥ ሽታን ይለምደዋል። "ጠፍቷል" ብሎ የሚደግም ሰው አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው እየጨመረበት ነው።

4. በሽቶ አለርጂ የሚመጣ የቆዳ ሽፍታ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ1 እስከ 3 ቀን ቆይቶ ነው። በመዘግየቱ ምክንያት ጥፋቱ ትናንት በተበላው ምግብ፣ በምች ወይም በብርድ ይሳበባል። ጥፋተኛው ሎሽን ግን ጧት ማታ መቀባቱ ይቀጥላል።

5. ይህን ዘግይቶ የሚመጣ አለርጂ ለመለየት የቆዳ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት በጀርባ ላይ የሚለጠፍ ምርመራ ከ1895 ጀምሮ የሚታወቅ ነው፤ የጀመረውም ዮሴፍ ያዳሶን የተባለ የቆዳ ሐኪም ነው። የሚጠረጠረው ንጥረ ነገር በጥቂቱ ተለጥፎ 2 ቀን ይቆያል፤ ከዚያ ቆዳው ይታያል። ሽቶ በዚህ መንገድ ከሚገኙ የአለርጂ መንስኤዎች መካከል ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

6. የኬሚካል ሽታ በጥቂቱ እንኳ ሕመም ያስነሳብናል የሚሉ ሰዎችን ሁኔታ "ለብዙ ኬሚካሎች ስስ መሆን" ብሎ በ1987 የሰየመው አሜሪካዊው የሥራ ቦታ ጤና ሐኪም ማርክ ከለን ነው። ሐኪሞች በምንነቱ ላይ ዛሬም አልተስማሙም፤ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ ውስጥም ራሱን ችሎ አልሰፈረም። ኬሚካሉ የቱ፣ ንጹሕ አየሩ የቱ እንደሆነ ሳይነገራቸው የተፈተኑ ብዙ ታማሚዎች ሁለቱን መለየት አልቻሉም። ሆኖም ስቃያቸው እውነተኛ መሆኑን ማንም አይክድም። ከስቃዩ ጀርባ ሕክምና ያለው አስም፣ ማይግሬን ወይም የቆዳ አለርጂ ሊኖር ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል።

7. በ2016 በወጣ የአሜሪካ ጥናት ከተጠየቁት ሰዎች 34.7 በመቶው ሽቶ ባለባቸው ምርቶች ምክንያት የጤና ችግር ገጥሞናል ማለታቸውን ያውቁ ኖሯል? ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ችግርና የዓይን ማሳከክ ከተጠቀሱት መካከል ናቸው።

8. በአገራችንም በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ገጠሮች ከ12,000 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። አስም በከተማው ከገጠሩ ከእጥፍ በላይ በዝቶ ተገኝቷል። ማላታይን የተባለውን ፀረ ተባይ መጠቀምም ከደረት ሲር ሲር ማለት ጋር ተያይዞ ታይቷል። ለቤታችን የምንገዛው ነገር ከትንፋሻችን ጋር ጉዳይ እንዳለው ይህ ያሳያል።

በጥቅሉ ላይ የተጻፈው

9. በዕቃ ጥቅል ላይ "ፓርፉም" ወይም "ፍሬግራንስ" የምትለው አንዲት ቃል በደርዘን የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ንጥረ ነገሮችን ልትሸፍን እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? የሽቶ ኢንዱስትሪው የሚጠቀምባቸው ንጥረ ነገሮች ከ3,000 ይበልጣሉ።

10. "አንሴንትድ" እና "ፍሬግራንስ ፍሪ" አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው "አይሸትም" እንጂ "ሽቶ የለበትም" ማለት አይደለም፤ የሌላውን ንጥረ ነገር ሽታ ለመሸፈን ሽቶ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። መፈለግ ያለብዎት ሁለተኛውን ነው። እሱንም ቢሆን ዝርዝሩን አንብበው ያረጋግጡ።

11. "ሃይፖአለርጀኒክ" የሚለው ጽሑፍ በአሜሪካ ሕጋዊ ትርጉም የለውም። የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1975 ቃሉን የሚጠቀም አምራች በምርመራ እንዲያረጋግጥ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። የመዋቢያ አምራቾች ከሰሱ፤ በ1977 ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው። ከዚያ ወዲህ ቃሉ የአምራቹ ቃል ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

12. የአውሮፓ ኅብረት አለርጂ በማስነሳት የታወቁ 26 የሽቶ ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ የወሰነው በ2003 ነው። በ2023 ዝርዝሩ ከ80 በላይ ሆኗል። ሊናሎል፣ ሊሞኒን፣ ጌራኒዮል፣ ሲትራል፣ ዩጂኖል የሚሉ ስሞች ካዩ "ፓርፉም" የሚል ባይኖርበትም ዕቃው መዓዛ ገብቶበታል።

13. ሊሊያል የሚባለው የአበባ ሽታ ያለው ንጥረ ነገር ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት መዋቢያዎች ውስጥ ተከልክሏል። ለመራባት ጤና አስጊ ተብሎ ስለተመደበ ነው። በጥቅል ላይ የሚጻፈው ቡታይልፌኒል ሜቲልፕሮፒዮናል ተብሎ ነው። ከዚያ በፊት የተመረተ ዕቃ ሲገዙ ይህ ስም እንዳይኖርበት ይዩ።

14. ተከፍቶ የቆየ ሎሽን ከአዲሱ ይልቅ ቆዳን ሊያስቆጣ ይችላል። የሎሚና የብርቱካን ልጣጭ ሽታ የሚሰጠው ሊሞኒን፣ የላቬንደሩ ሊናሎልም ከአየር ጋር ሲገናኙ አለርጂ ወደሚያስነሱ ውሕዶች ይለወጣሉ።

"ተፈጥሯዊ ነው" ሲባል

15. ለዓለም ሽቶ ፋብሪካዎች ዝባድ ሲያቀርቡ ከኖሩ አገሮች ቀዳሚዋ ኢትዮጵያ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? የዝባድን ዋና መዓዛ ሰጪ ውሕድ አሠራር በ1926 ያወቀው ሊዮፖልድ ሩዚችካ በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። ከእንስሳ ይውጣ ከፋብሪካ፣ ለአፍንጫ ውሕዱ ያው ነው። ሰውነት "ተፈጥሯዊ" የሚለውን ጽሑፍ አያነብም።

16. ከቡና ጋር የምንወዳት ጤና አዳም ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ቢመታው እንደ ቃጠሎ ውኃ የቋጠረ ቁስል ልታወጣ ትችላለች። ቆዳን ለፀሐይ ስስ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች ስላሏት ነው። ለልጆች ገላ እሷን ጨምቆ መቀባት አይመከርም።

17. ነጠላና ጋቢ ሲታጠብበት የኖረው እንዶድ የሚያረፋው ሳፖኒን ስላለው ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በአድዋ እንዶድ ልብስ በሚታጠብበት ወንዝ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ለበሽታው መከላከያነቱን ደረሱበት። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር "ራይት ላይቭሊሁድ" የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እንዶድ ሽቶ የለበትም፤ ዱቄቱ ግን ዓይን ያቃጥላል፣ ያስነጥሳል። አፍንጫው የሚቆጣ ሰው ሲወቀጥ አጠገቡ አይቁም።

18. ከመተማና ከሌሎች ቆላማ አካባቢዎች የሚመጣው የዕጣን ሙጫ ሳይጨስ ብዙም አያስቸግርም። ሲጨስ ግን እንደ ማንኛውም ጭስ ወደ ሳንባ የሚዘልቁ ደቃቅ ብናኞችን ይለቃል። ደረቱ የሚጠብበት ሰው ባለበት ቤት ቡና ሲፈላ ማጨሻውን ወደ በሩ ማድረግ ወይም ለዚያ ቀን መተው ይረዳል።

19. በዓለም ላይ በ2020 ብቻ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ኩበትና ባሕር ዛፍ በሚነድበት የደጋ ቤት የአየር ማጽዳት ሥራ የሚጀምረው ከምድጃው ነው። ሽቶውን መቀነስ ተከትሎ ይመጣል።

ከጓዳ እስከ ሚኒባስ

20. እድፍ የሚያለቅቀው ሳሙናው እንጂ መዓዛው አይደለም። የሳሙና ቅንጣት አንዱ ጫፉ ውኃን፣ ሌላው ጫፉ ቅባትን ይይዝና እድፉን ይዞ ይሄዳል። ሽቶው በዚህ ሥራ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም።

21. ፀሐይ ላይ የተሰጣ ልብስ የሚሸተው ደስ የሚል ሽታ የራሱ ኬሚስትሪ እንዳለው ያውቁ ኖሯል? በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ በፎጣ ላይ የተደረገ ጥናት በ2020 እንዳሳየው ፀሐይ ላይ የደረቀው ፎጣ በጥላ ከደረቀው በተለየ መዓዛ ያላቸውን ውሕዶች ያፈራል። ለልብስ ማለስለሻ የሚወጣውን ገንዘብ የበጋ ፀሐይ ይተካዋል።

22. ልባሽ ጨርቅ ሲገዙ ሽታው በአንድ እጥበት ላይለቅ ይችላል። ደጋግሞ ማጠብና አየር ላይ ማዋል ያስፈልጋል፤ በሌላ ሽቶ መሸፈን ግን ችግሩን እጥፍ ያደርገዋል።

23. ለአለርጂ ምርመራ የሚለጠፉት አብዛኞቹ ንጥረ ነገሮች የሚለወሱት በነጭ ቫዝሊን መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እሱ ራሱ አለርጂ የሚያስነሳው እጅግ አልፎ አልፎ ስለሆነ ነው። በብርድ ለተሰነጠቀ እጅና ተረከዝ ሽቶ ያልገባበት ቫዝሊን አስተማማኝ ምርጫ ነው። ሲገዙ ግን ቀለምና መዓዛ የተጨመረበት እንዳይሆን ይዩ። ንጹሕ ግሊሰሪንም ሽታ የለውም፤ በውኃ አቅጥነው ይቀቡታል።

24. በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከሎሚ ወይም ከአሲድ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር መቀላቀል መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከአሞኒያ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ይህ ጤነኛውንም ሰው ይጥላል። በረኪና ብቻውን፣ በውኃ ቀጥኖ፣ በር ተከፍቶ።

25. በሚኒባስ መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው የጥድ ቅርጽ ያለው የመኪና ሽቶ የተፈጠረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኒው ዮርክ ግዛት ነው፤ ፈጣሪው ጁሊየስ ሴማን ይባላል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም በገሳይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ በሚጠማዘዘው መንገድ ተሳፋሪ ብርድ ፈርቶ መስኮት ሲዘጋ የሽቶው እንፋሎት መውጫ ያጣል። የመኪና ሽቶ መጥፎ ሽታን የሚያጠፋ ሳይሆን በሌላ ሽታ የሚሸፍን ነው። ሾፌሩን "ሽቶዋን ለጊዜው አውርዱልን" ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም።

26. አራስ ሕፃን እናቱን በሽታ እንደሚለይ ያውቁ ኖሯል? በ1975 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት እንዳሳየው ጥቂት ቀን የሆነው ሕፃን የእናቱ ወተት ወደነካው ጨርቅ ፊቱን ያዞራል። አራስ ለመጠየቅ ሲሄዱ ሽቶ አለመቀባት ለሕፃኑ ውለታ ነው።

አሁን ምን እናድርግ?

27. አዲስ ሎሽን በቤትዎ መፈተን ይችላሉ። በክንድ ውስጠኛ ክፍል በአንድ ቦታ ላይ ጧትና ማታ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቀቡት። ካሳከከ ወይም ከቀላ ያቁሙ። ከዚህ በፊት በሽቶ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ይህን በራሱ አይሞክር።

28. ቤቱን ሁሉ በአንድ ጊዜ መቀየር አያስፈልግም። ከቆዳ ጋር ረጅም ሰዓት ከሚቆየው ይጀምሩ፦ ሎሽን፣ ዲዮዶራንት፣ የልብስና የአንሶላ ሳሙና። አንድ በአንድ ሲቀይሩ የትኛው እንደሚያስቸግርዎት ይታወቃል።

29. በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ አስተዳደር "የሥራ ባልደረባዬ ሽቶ መተንፈስ ከለከለኝ" ብላ ለከሰሰች ሠራተኛው 100,000 ዶላር በ2010 ከፍሎ ተስማምቷል። ሠራተኞቹ ሽቶ ተቀብተው እንዳይመጡም ጠይቋል። እኛ ዘንድ ይህ በፍርድ ቤት ሳይሆን በይሉኝታና በመተሳሰብ ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው። ለልቅሶ ድንኳን፣ ለማኅበር፣ ለክፍል ተማሪዎችና ለሕሙማን መጠየቂያ ሽቶ ሳይቀቡ መሄድ ምንም አያስወጣም። በቅዳሴ ዕጣኑ የሚከብደው ምእመንም በቅጽሩ ግቢ አየር በሚገባበት ቆሞ ማስቀደስ ይችላል።

30. ትንፋሽ ካጠረ፣ ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ደረት ሲር ሲር ካለ ነገሩ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የተጠረጠረውን ዕቃ ጥቅሉን ይዘው ይሂዱ፤ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው። መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ስለሆነ ጉዳት ያደረሰን ምርት ለእሱ ማሳወቅ ሌላውን ሰው ያድናል።

31. ሽቶ የሌለበት ሳሙናና ሎሽን በየሱቁ የሚጠፋው ጠያቂ ስላነሰው ሊሆን እንደሚችል አስበው ያውቃሉ? ነጋዴ የሚያመጣው የተጠየቀውን ነው። በደብረ ታቦርም ሆነ በገሳይ ገበያ "ሽቶ የሌለው አለዎት?" ብሎ ደጋግሞ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ ዕቃው መደርደሪያው ላይ ይመጣል። ያን ጊዜ ሽታ የሚያሳምመው ጎረቤታችን ለገዛ ጤናው ልመና አይገባም።