«ማውንቲንግ» መውጣት ነው ብለን ያስተማርን እኛው ነን

የዛሬው የእንግሊዝኛ ቃላችን «ማውንቲንግ» ነው። ይህን ቃል የመረጥነው ዝም ብለን አይደለም፤ የቆየ ዕዳ አለብን።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2021 የኬንያ መንግሥት ዳዳብና ካኩማ የሚዘጉበትን ዕቅድ በ14 ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ለተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ማስጠንቀቂያ መስጠቱ ተሰማ። ያን ሰሞን እዚህ ካኩማ ማን እንቅልፍ ነበረው? አንድ ተማሪያችን ስልኩ ላይ የእንግሊዝኛ ዜና ሲያይ «ማውንቲንግ ፕሬዠር» የሚል ርእስ አገኘ። ደብተሩን ገለጠ። ከኛው ሰሌዳ የገለበጠው «ማውንት ማለት መውጣት» ይላል። «ፕሬዠር» ግፊት መሆኑን ደግሞ ከሳይንስ ክፍል ያውቃል። ሁለቱን አገጣጠመና ለእናቱ «ውጡ ብለው እየገፉን ነው» ብሎ ተረጎመላቸው።

እናቱ ትንሽ ሻይ ቤት ነበረቻቸው። በማግስቱ ቆርቆሮውን፣ ምጣዱንና ሁለት ፍየሎቻቸውን ሸጡ፤ ያውም በግማሽ ዋጋ። ጎረቤትም አይቶ ተከተላቸው። ከዚያ እኛ ዘንድ መጡና «መምህር፣ በ14 ቀን ውጡ ተብለናል አይደል? ልጁ ነው ያነበበልኝ፣ እናንተ ያስተማራችሁት» አሉን። ምን እንመልስ? 14 ቀኑ የተሰጠው ለድርጅቱ እንጂ ለስደተኛው እንዳልነበረ ብናስረዳቸውም ቆርቆሮው ሄዷል።

ልጁ ግን ሰነፍ አይደለም። ያሳሳተው የኛ የአማርኛ ትርጉም ነው። በአማርኛ ተራራም እንወጣለን፣ ከቤትም እንወጣለን። ሽቅብ መሄዱም ከደጅ መውጣቱም አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛው «ማውንት» ግን ሽቅቡን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ማንንም ከበር አያስወጣም። እኛ ሰሌዳው ላይ «ወደ ላይ» የምትል ሁለት ቃል ብንጨምር ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ።

የቃሉ ሥር ተራራ ነው። «ማውንት ኬንያ» ስንል የምንሰማው እሱኑ ነው። በላቲን «ሞንስ» ተራራ ማለት ሲሆን እንግሊዝኛ ቃሉን ያገኘው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ሱቅ ደረሰኝ ላይ የምናየው «አማውንት» እንኳ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ሥሩ ወደ ተራራው፣ ወደ ላይ ማለት ነው። ድምሩ ሲያድግ ሽቅብ እንደሚሄድ ማሰብ ነው።

እንግዲህ ሰው ፈረስ ላይ ወይም ብስክሌት ላይ ሲወጣ «ማውንት» ይባላል፤ ደረጃም መድረክም ላይ ሲወጣ እንደዚሁ። ለመኪናና ለአውቶቡስ ግን አይሆንም። አንዳንድ ተማሪዎቻችን «አይ ማውንትድ ዘ ባስ» ብለው ሲጽፉ፣ አንባቢው አውቶቡሱን እንደ በቅሎ የኮረቻችሁት ነው የሚመስለው፤ «ጌት ኦን» በሉ። ሶላር የገዛችሁ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ «ማውንቲንግ ብራኬት» የሚል ብረት አይታችሁ ይሆናል። ያ ፓነሉ ጣሪያ ላይ ወይም ምሰሶ ላይ የሚታሰርበት መያዣ ነው። እዚህ ላይ «ማውንቲንግ» መትከል፣ መግጠም ማለት ነው። ዘመቻ ማካሄድም፣ ኤግዚቢሽን ማዘጋጀትም በዚሁ ቃል ይነገራል። ከብት ያረባ ሰው የሚያውቀው የኮርማና የጊደር ትርጉምም አለው፤ ክፍል ውስጥ ልጆቹ ስለሚስቁብን ቶሎ እናልፈዋለን፣ እዚህም እንለፈው።

ጉዳት የሚያመጣው ግን የዜናውና የደብዳቤው «ማውንቲንግ» ነው። ከኋላው የሚከተለውን ቃል እዩ። የሚከተለው በእጅ የማይጨበጥ ነገር ከሆነ፣ ማለትም ጫና፣ ዕዳ፣ ስጋት፣ ውጥረት፣ ማስረጃ ከሆነ፣ «ማውንቲንግ» እየጨመረ የመጣ ማለት ነው። ማንም የትም አልሄደም፤ ነገሩ ነው ከፍ ከፍ ያለው። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ሀብታም ነውና አንድ ቃል ይዘን አንድረቅ። «ማውንቲንግ ዴት» እየተቆለለ የሄደ ዕዳ ነው። «ማውንቲንግ ቴንሽን» እየከረረ የመጣ ውጥረት፣ «ማውንቲንግ ኤቪደንስ» እየተጠራቀመ የመጣ ማስረጃ ነው። ያ ልጅ ያነበበው «ማውንቲንግ ፕሬዠር» ደግሞ እያየለ የመጣ ጫና ነበር። «ግፊት» ብንለው ስሕተት ባይሆንም ሰው በእጁ የሚገፋ ይመስላል፤ «ጫና» ይሻላል ባይ ነን።

ቃሉን ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከክፉ ነገር ጋር ነው። እየጨመረ ስለመጣ ደስታም «ማውንቲንግ ኤክሳይትመንት» ይባላል፤ ግን በዜና ርእስ ላይ ይህን ስንት ጊዜ አያችሁ? ስለዚህ ቃሉን ስታዩ መጠንቀቁ አይከፋም። መጠንቀቅ ማለት ግን ርእሱን ብቻ አይቶ ፍየል መሸጥ ሳይሆን ከርእሱ ሥር ያለውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ ነው። ማን ማንን ጠየቀ? ቀኑ የተቆረጠው ለማን ነው? ይህ ከርእሱ በታች እንጂ ርእሱ ላይ አይገኝም።

ያ ማስጠንቀቂያም በኤፕሪል 2021 በናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለጊዜው ታገደ። ቀጥሎ ካምፖቹ እስከ ጁን 30 ቀን 2022 ይዘጋሉ ተባለ፤ ያ ቀን መጥቶ አለፈ፣ እኛም ይኸው እዚሁ ነን። እናትየው ሻይ ቤታቸውን መልሰው ከፍተዋል። ቆርቆሮውን መልሰው የገዙት ግን በሸጡበት ዋጋ አይደለም። ልጁ ደብተሩ ላይ ያለውን በቀይ አርሞ አሳይቶናል፤ እኛም ሰሌዳው ላይ አርመናል።

ያልገባችሁ የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ወይም ማስታወቂያ ካለ ከመወሰናችሁ በፊት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን። የሚቀጥለው ቃላችን ብዙዎቻችሁ በየፋይላችሁ ላይ ስታዩት የኖራችሁት «ፔንዲንግ» ነው።