ቲዎሪ ሲያድግ ሕግ ይሆናል?

የመጀመሪያ ዓመት ፈተና ላይ “ቲዎሪ ሲረጋገጥ ሕግ ይሆናል” ብዬ ጻፍኩና ነጥብ ተቀነሰብኝ። ቢሮ ድረስ ሄጄ ተከራከርኩ፤ ተሸነፍኩ።

ለካ የማዕረግ ጉዳይ አይደለም። ሕግ ምን እንደሚሆን ይናገራል፤ ቲዎሪ ለምን እንደሚሆን ያስረዳል። መላምት ገና የሚፈተን ግምት ነው።

የኒውተን የስበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1687 ታተመ። በኋላ ዩራኑስ ከስሌቱ ወጣ ስትል ፈረንሳዊው ለቬሪዬ “ያልታየች ፕላኔት እየሳበቻት ነው” የሚል መላምት አቀረበ። በ1846 በርሊን ላይ ሲፈለግ ኔፕቲዩን ከጠቆመው ቦታ 1 ዲግሪ እንኳ ሳትርቅ ተገኘች! ሜርኩሪም ስታስቸግር በ1859 ያንኑ ዘዴ ደገመ፤ ለፀሐይ ይበልጥ የቀረበ ሌላ አካል አለ አለ። ቩልካን የሚል ስም እንኳ ወጥቶላት ነበር። ብትፈለግ ብትፈለግ የለችም።

በ1915 አንስታይን መልሱን ሰጠ፤ ፀሐይ በዙሪያዋ ቦታንና ጊዜን ታጎብጣለች። ቲዎሪው ሕጉ ያቃተውን አስረዳ። ሆኖም ሕግ አልሆነም፤ ዛሬም ቲዎሪ ይባላል።

አሁን ቡና ላይ “ዝግመተ ለውጥ እኮ ቲዎሪ ብቻ ነው” የሚለኝ ሲመጣ፣ በሽታን ጀርም ያመጣል የሚለውም ቲዎሪ መሆኑን እነግረውና እጁን ታጥቦ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።