ዓይነ ጥላ የተባለው ብልጭ ድርግም

ዛሬ ስለ ፍቅርም ስለ ቅናትም አይደለም የማወራችሁ። ስለ ጎረቤቴ ልጅ ዓይን ነው።

ልጁ ገና 26 ዓመቱ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ውጭ አገር ላለ ድርጅት የኮምፒውተር ፕሮግራም ይጽፋል፤ ሥራው ሌሊት ነው። ጠዋት ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ራሱን በሻሽ ጠፍሮ ታገኙታላችሁ። እናቱ «ዓይነ ጥላ ነው» ብለው ጠበል ወሰዱት። እሱ ደግሞ በሁለት ወር ሁለት መነጽር ገዛ። ምንም! በመጨረሻ «እማዬ፣ ሥራውን ልተወው ነው» አለ። ቤቱን የሚያስተዳድረው እኮ እሱ ነው!

አንድ ማታ «እስቲ ስትሠራ ልይህ» ብዬ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጉድ ነው! ጽሑፉን ወደ ታች ባወረደ ቁጥር ስክሪኑ ብልጭ ድርግም ይላል። በሩብ ሰዓት እኔው ራሴ ዞረብኝ። «ይሄ አይረብሽህም?» ብለው «ለምጄዋለሁ» አይለኝ መሰላችሁ!

የሚጽፍበት ፕሮግራም ቪም ይባላል። ብራም ሞሌናር የተባለ ሆላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው ነው። ሰውየው በ2023 እስኪሞት ድረስ ፕሮግራሙን በነፃ እየሰጠ፣ ተጠቃሚዎቹን «የኡጋንዳን ሕፃናት እርዱልኝ» ይል ነበር። ደግ ሰው!

እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ የቆምኩ ነኝ፤ ልጁ በእርሳስ እየሣለ ነው ያስረዳኝ። በቪም ኮንትሮልና ዲ አንድ ላይ ሲነኩ ጽሑፉ ግማሽ ስክሪን ይወርዳል። እሱ ግን ከጓደኛው በገለበጠው ማስተካከያ፣ ከዚያው ቁልፍ ጋር ዜድ ዜድ የሚል ሌላ ትእዛዝ ቀጥሎበታል፤ ያለበትን መስመር መሀል ላይ የሚያመጣ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ሲነካ ስክሪኑ ሁለት ጊዜ ይሣላል ማለት ነው። ፋይሉ ያለው ውጭ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ሥዕሉ በኔትወርክ እየተጎተተ ነው የሚመጣው፤ ክፍተቱ ለዓይን ይታያል። ቁልፉን ተጭኖ ከያዘውማ አትጠይቁኝ። በድረ ገጽ እንኳ በአንድ ሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር እንዳይደረግ ዓለም አቀፉ መመሪያ ይመክራል፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊቀሰቅስበት ስለሚችል።

ድሮ ነገሩ ይብስ ነበር አሉ። 24 መስመር፣ በመስመር 80 ፊደል የሚይዘው የጥንቱ ስክሪን፣ በሰከንድ 9600 ቢት በሚያስተላልፍ ገመድ ለመሙላት ሁለት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር።

መላው ምን ሆነ? ዜድ ዜድን ከቁልፉ ላይ አነሳው። በምትኩ «ስክሮልኦፍ» የሚባለውን ማስተካከያ 999 አደረገው፤ ከፋይሉ መጀመሪያና መጨረሻ በስተቀር ያለበት መስመር ሁልጊዜ መሀል ላይ ይቆያል፣ ሁለተኛ ትእዛዝ አያስፈልግም። የድሮውን ቁልፍ አልለቅም የምትሉ ካላችሁ «ሌዚሪድሮው» የሚለውን ክፈቱ፤ የተከታተሉት ትእዛዞች ሳያልቁ ስክሪኑን አይሥልም። ከዚህም በኋላ ብልጭ ድርግሙ ካልተወ ግን ስክሪኑን ራሱን አስመርምሩ። ራስ ምታት ከጸናባችሁ ደግሞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እሱንም ልኬዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ሆነው። ሻሹ ወርዷል፣ ሥራውንም አልተወም። እናቱ «ጠበሉ ነው» ይላሉ። እኔም አልተከራከርኳቸውም፤ ቡናቸውን ጠጥቼ ወጣሁ።