«በሩን ቆልፌዋለሁ?»

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዘው እንጦጦ ፓርክ ወጥተዋል። ከመኪና እንደወረዱ «በሩን ቆልፌዋለሁ?» የሚል ሐሳብ መጣብዎት። ይህ በማንኛችንም ላይ ይደርሳል። ባለቤትዎ ግን ተመልሶ ካላየሁ ካለ፣ አይቶም ካላመነ፣ እንዲህ ያለው ነገር በየቀኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ከወሰደበት ጉዳዩ ጥንቃቄ ላይሆን ይችላል። ሐኪሞች ኦሲዲ ይሉታል። የማይፈልጉት ሐሳብ እየመጣ ያስጨንቃል፤ ጭንቀቱን ለማብረድም መታጠብን፣ መፈተሽን፣ አንዳንዴ ጸሎትን ጭምር «ልክ እስኪመጣ» ያስደጋግማል።

መድኃኒት አለው። ቀዳሚዎቹ እንደ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ያሉት ናቸው። ክሎሚፕራሚን ቀደም ያለ መድኃኒት ሲሆን ይሠራል፤ ነገር ግን አፍ ማድረቁና ልብ ላይ ያለው ጫና ክትትል ይፈልጋል። ለድብርት በብዛት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊን ግን ለኦሲዲ እምብዛም አይረዳም። ስለዚህ የጎረቤት ክኒን አይዋሱ።

ምን ያህል ያሽላሉ? ከ10 ታማሚዎች ከ4 እስከ 6 ያህሉ በመጀመሪያው መድኃኒት ግልጽ መሻሻል ያያሉ። መሻሻል ሲባል ግን ሕመሙ ድራሹ ይጠፋል ማለት አይደለም። በቀን አራት ሰዓት ሲፈትሽ የሚውል ሰው ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢወርድ ሐኪሙ መድኃኒቱ ሠርቷል ይላል።

ብዙዎች የሚሸነፉት በጊዜው ነው። ማቅለሽለሹና እንቅልፍ ማጣቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ ጥቅሙን ለመመዘን ግን በበቂ መጠን ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል፤ መጠኑም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ይበልጣል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ የጣለ ሰው መድኃኒቱን ገና አልሞከረውም። ከተሻለው በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀጥላል፤ ሲያቆምም በሐኪም ምክር ቀስ በቀስ ነው። ዕድሜያቸው ከ25 በታች የሆኑትን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ ይከታተሏቸው፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከታየ በዚያው ቀን ለሐኪም ይንገሩ።

እንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ ካሉ ክኒኑን ማቋረጥ የለባቸውም። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ ተናግረው ነበር።

ክኒን ብቻውንም አይበቃም። በባለሙያ እየታገዙ የሚፈሩትን ነገር ቀርቦ አለመታጠብን፣ አለመፈተሽን መለማመድ ከመድኃኒት የማይተናነስ ሕክምና ነው። እዚህ ላይ ቤተሰብ ሳያውቅ ሕመሙን ይመግባል። ባለቤትዎ ለአሥረኛ ጊዜ «ቆልፌዋለሁ?» ሲል «አዎ ቆልፈኸዋል፣ አይዞህ» ማለት ደግነት ይመስላል፤ የሚያረጋጋው ግን ለደቂቃዎች ነው። «ጭንቀቱ እንደያዘህ አይቻለሁ፤ በሩን ግን አልመልስልህም» ቢሉትና እጁን ይዘው ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ቢራመዱ ይሻላል። ሰኞ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ የአእምሮ ሐኪም አብራችሁ ሂዱ።