ዝናብ፣ ጨውና የተሰበረው ቴርሞሜትር

በሜሪዌዘር ሉዊስና በዊልያም ክላርክ የተመራው የአሜሪካ አሳሽ ቡድን እ.ኤ.አ. ከ1805 እስከ 1806 በፓሲፊክ ውቅያኖስ አቅራቢያ ያሳለፈው ክረምት፣ እኛ በምናውቀው ትርጉሙ ክረምት ነበር፤ የበረዶ ሳይሆን የዝናብ ወቅት። 33ቱ ተጓዦች በዛሬዋ ኦሪገን፣ በጎረቤቶቻቸው በክላትሶፕ ሕዝብ ስም በሰየሙት የግንድ ምሽግ ከቆዩባቸው 106 ቀናት ውስጥ ዝናብ ያልጣለባቸው 12 ብቻ ነበሩ።

የዕለት ኑሯቸው ከእርጥበት ጋር የሚደረግ ትግል ነበር። ልብሳቸው በላያቸው ይበሰብሳል፤ ቁንጫ እንቅልፍ ይነሳቸዋል። አዳኞች የሚያመጡት ኤልክ የተባለው ትልቅ አጋዘን ሥጋ ቶሎ ይበላሻል። ጢስ ላይ ቢሰቅሉትም፣ አየሩ በውሃ ተን የተሞላ ስለሆነ ትነቱ አዝጋሚ ነው። ከቆዳው ግን ለመልሱ ጉዞ ከ300 በላይ ጥንድ ጫማ ሰፍተዋል።

ጨውም አልቆ ነበር። ጥቂት ሰዎች 24 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በባሕሩ ዳር ሠፈሩና በአምስት ድስት የባሕር ውሃ ሌት ተቀን አፈሉ። ጥሩ በሆነ ቀን ያገኙት ጨው አንድ ጋሎን፣ ማለትም 4 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። አንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ 35 ግራም ጨው ስለሚይዝ፣ ለዚህ 110 ሊትር ያህል ውሃ መትነን አለበት። የሚያስፈልገው ኃይል 290 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሲሆን፣ ከሰባት እጅ ስድስቱ የሚውለው ውሃውን ለማሞቅ ሳይሆን ወደ ተን ለመለወጥ ነው። ማገዶው በዝናብ የራሰ፣ እሳቱም ነፋስ የሚያገኘው መሆኑ ሲታሰብ ድካማቸው ይገባናል።

ቀደም ባለው ክረምት፣ በታኅሣሥ ወር 1804፣ በፎርት ማንዳን ቴርሞሜትራቸው ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ፋራናይት (−43 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ) አሳይቶ ነበር። ሁለቱ ሠፈሮች ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ውቅያኖሱ ነው፤ ውሃ ሙቀትን በብዛት ያከማቻል፣ ከምዕራብ የሚነፍሰውም ነፋስ ሙቀቱን ወደ የብስ ያደርሳል።

ቴርሞሜትሩ በ1805 ተራራ ሲያቋርጡ ተሰብሯል። ሉዊስ በጥር 1806 በጻፈው ማስታወሻ፣ ይህ ዳርቻ በተመሳሳይ ኬክሮስ ከሚገኘው የአትላንቲክ ዳርቻ እንደሚሞቅ ርግጠኛ መሆኑን፣ በስንት ዲግሪ እንደሆነ ግን መወሰን እንደማይችል ገለጸ። ድምዳሜው ትክክል ነበር። መሣሪያ ያጣው ተመልካች አሐዝ አልፈጠረም፤ ያየውን ካልለካው ለይቶ ጻፈ። የሳይንስ ተማሪ ከዚያ የጭቃ ሠፈር የሚወርሰው ይህንን ልማድ ነው።